ቀን ያልገጠመለት ድርድር፦ ቆጵሮስ ከ1960 እስከ 2025

ክቡራን ታዳሚዎች፣

በጥር 2017 በጄኔቫ ከተማ ሁለት ካርታዎች ተለዋወጡ፤ ከታዩም በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ካዝና ውስጥ ተቆለፈባቸው። አንደኛውን ያቀረቡት የግሪክ ቆጵሮሳውያን ተደራዳሪዎች ሲሆኑ፣ ወደፊት በሚመሠረተው ፌዴሬሽን ውስጥ በቱርክ ቆጵሮሳውያን የሚተዳደረው ክልል የደሴቲቱን መሬት 28.2 በመቶ እንዲይዝ የሚጠይቅ ነበር። ሁለተኛው የቱርክ ቆጵሮሳውያኑ ካርታ 29.2 በመቶ ይላል። ልዩነታቸው አንድ በመቶ ነው፤ ደሴቲቱ 9,251 ካሬ ኪሎ ሜትር ስለሆነች፣ ወደ መሬት ሲመነዘር 92 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። እርግጥ የትኛው ከተማ ለየትኛው ወገን ይሁን የሚለው ጥያቄ፣ በተለይም በሰሜን የምትገኘው የሞርፉ ከተማ ጉዳይ፣ ከመቶኛው ስሌት የከበደ ነበር። ሆኖም ከ1974 ጀምሮ በጦር መስመር ተከፍላ በኖረች አገር ላይ ክርክሩ እስከዚህ ድረስ መጥበቡ ቀላል ነገር አልነበረም። ስድስት ወር ሳይሞላ ግን ድርድሩ ፈረሰ።

ዛሬ የምናገረው ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው። ስለ ቆጵሮስ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ማብራሪያ «ግሪክና ቱርክ የቆየ ጠላትነት አላቸው» የሚል ነው። እኔ በዚህ አልረካም፤ የቆየ ጠላትነት ያላቸው ብዙ ሕዝቦች ታርቀዋልና። ቆጵሮስ የሰላም ሐሳብ አጥታ አታውቅም፤ ሰነዱ በየዘመኑ ተጽፎ ጠረጴዛ ላይ ነበር። የጠፋው፣ ሁለቱም ወገኖች በአንድ ጊዜ ከመጠበቅ ይልቅ መስማማት ይሻለናል የሚሉበት ቀን ነው። አንደኛው ሲቸኩል ሌላኛው ጊዜ አለኝ ይላል፤ ያኛው ሲቸኩል ደግሞ ይኸኛው ይደላደላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። ዓመታቱንም ቀናቱንም የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ስሟንም በተመለከተ፣ ዛሬ በዜና «ሳይፕረስ» እየተባለች የምትጠራው በሐዋርያት ሥራ የበርናባስ ትውልድ አገር ሆና የምናውቃት ቆጵሮስ ራሷ ናት፤ እኔም በለመድነው ስም እጠራታለሁ።

ቆጵሮስ በነሐሴ 1960 ከእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ስትላቀቅ፣ ከሕዝቧ ከመቶ 80 የሚጠጋው ግሪክኛ ተናጋሪ ኦርቶዶክስ፣ ከመቶ 18 ያህሉ ደግሞ ቱርክኛ ተናጋሪ ሙስሊም ነበር። ከ1955 ጀምሮ በእንግሊዝ ላይ የተነሣው የግሪክ ቆጵሮሳውያን የትጥቅ ትግል ዓላማው ነጻ አገር መመሥረት ሳይሆን ከግሪክ ጋር መዋሐድ ነበር፤ ይህንንም «ኢኖሲስ» ይሉታል። የቱርክ ቆጵሮሳውያን መልስ «ታክሲም»፣ ማለትም ክፍፍል ነበር። ስለዚህ ነጻነቱ ሲመጣ የሁለቱም ወገኖች የመጀመሪያ ምርጫ አልነበረም። ሕገ መንግሥቱ የረቀቀው በ1959 በዙሪክና በለንደን በተደረጉ ስምምነቶች ላይ ተመሥርቶ ነው፤ ፕሬዚዳንቱ ግሪክ ቆጵሮሳዊ፣ ምክትሉ ቱርክ ቆጵሮሳዊ እንዲሆኑ፣ ሁለቱም በዋና ዋና ጉዳዮች ላይ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን እንዲኖራቸው፣ የምክር ቤትና የመንግሥት ሥራ ድርሻም 70 ለ30 እንዲሆን ተደነገገ። ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ፋዚል ኩቹክ ምክትል ሆኑ።

በዚህ ሁሉ ላይ የዋስትና ውል የሚባል ሰነድ ተጨመረ። ውሉ ግሪክን፣ ቱርክንና እንግሊዝን የአዲሲቱ ሪፐብሊክ ዋሶች አደረጋቸው፤ አራተኛው አንቀጹም ሥርዓቱ ሲጣስ ሦስቱ መመካከር እንዳለባቸው፣ በአንድነት መንቀሳቀስ ካልተቻለ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሥርዓቱን ለመመለስ ብቻ እርምጃ የመውሰድ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህን አንቀጽ ልብ እንድትሉልኝ እጠይቃለሁ፤ ከ57 ዓመት በኋላ በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ድርድሩን የሚያፈርሰው እሱ ነው። በአገራችን ልማድ ዋስ የሚቆመው ባለዕዳው በጠፋ ጊዜ ዕዳውን ሊከፍል ነው። የቆጵሮስ ዋሶች ግን እያንዳንዳቸው የቤቱን ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ የያዙ ነበሩ፤ እንግሊዝማ በአክሮቲሪና በዴኬሊያ ዛሬም ድረስ የራሷ ግዛት የሆኑ ሁለት የጦር ሰፈሮች አሏት።

ሥርዓቱ ሦስት ዓመት ቆየ። በኅዳር 1963 ማካሪዮስ ሕገ መንግሥቱን በ13 ነጥቦች ለማሻሻል ሐሳብ አቀረቡ፤ በታኅሣሥ ወር ግጭት ፈነዳ፤ በወሩ መጨረሻም እንግሊዛዊው ጄኔራል ፒተር ያንግ በዋና ከተማዋ በኒኮሲያ ካርታ ላይ በአረንጓዴ እርሳስ የተኩስ አቁም መስመር አሰመሩ። መስመሩ እስከ ዛሬ «አረንጓዴው መስመር» እየተባለ ይጠራል። በመጋቢት 1964 የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 186ን አሳለፈና የሰላም አስከባሪ ኃይል ላከ፤ መጀመሪያ የተሰጠው ዕድሜ ሦስት ወር ነበር። ያ ኃይል አሁንም እዚያው ነው። የሰላም አስከባሪው መኖር የሰው ሕይወት ማዳኑን አልክድም፤ ነገር ግን ዝምታን ለሁሉም ወገን ርካሽ አድርጎታል። ከዚያ ወዲህ መጠበቅ ብዙም የማያስከፍል ነገር ሆነ።

የ1974ቱ በጋ ግን አስከፈለ። ሐምሌ 15 ቀን በአቴንስ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊ ጁንታ የሚደግፈው መፈንቅለ መንግሥት ማካሪዮስን አባርሮ ኒኮስ ሳምፕሰን የተባለውን የቀድሞ ታጣቂ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ። በአምስተኛው ቀን ቱርክ የዋስትናውን ውል ጠቅሳ ጦሯን በሰሜን ጠረፍ አሳረፈች። የአቴንሱ ጁንታና የሳምፕሰን መንግሥት በቀናት ውስጥ ወደቁ። እርምጃው የተወሰደው የ1960ውን ሥርዓት ለመመለስ ከነበረ፣ እዚህ ላይ ሊቆም ይገባው ነበር፤ በጄኔቫም ንግግር ተጀምሮ ነበር። ነሐሴ 14 ቀን ግን ሁለተኛው ዙር ዘመቻ ተከፈተ፤ ሲያበቃም ከደሴቲቱ 36 በመቶ በላይ በቱርክ ጦር እጅ ገብቶ ነበር። ከ160,000 በላይ ግሪክ ቆጵሮሳውያን ወደ ደቡብ፣ ከ40,000 በላይ ቱርክ ቆጵሮሳውያንም ወደ ሰሜን ተፈናቀሉ። የፋማጉስታ የባሕር ዳርቻ ሰፈር የሆነችው ቫሮሻ፣ ፎቅ ሆቴሎቿ እንደቆሙ፣ በሽቦ ታጥራ ባዶዋን ቀረች።

ከዚህ በኋላ ያለው የድርድር ታሪክ ረጅም ነው፤ ሁሉንም ብተርክላችሁ ስለሚመሽ ዋና ዋናውን ብቻ ላንሣ። በየካቲት 1977 ማካሪዮስና የቱርክ ቆጵሮሳውያኑ መሪ ራኡፍ ዴንክታሽ በአራት ነጥቦች ተስማሙ፤ መሠረቱ ሁለት ማኅበረሰቦች የሚጋሩት፣ ሁለት ቀጣና ያለው ፌዴሬሽን ነው። ማካሪዮስ በዚያው ዓመት አረፉ። ቀመሩ ግን እስካሁን የተባበሩት መንግሥታት ውሳኔዎች ሁሉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። በ1983 ሰሜኑ ነጻ መንግሥት ነኝ ብሎ ሲያውጅ የጸጥታው ምክር ቤት አዋጁን ዋጋ የለውም አለው፤ እስከ ዛሬም ከቱርክ በቀር ዕውቅና የሰጠው አገር የለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ፔሬዝ ዴ ኩዌያር ሞከሩ፤ ተተኪያቸው ቡትሮስ ቡትሮስ ጋሊም በ1992 «የሐሳቦች ስብስብ» ያሉትን ሰነድ ይዘው መጡ። ሁለቱም አልተሳካላቸውም።

ቀን አለመግጠም ማለት ምን እንደሆነ ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው ደሴቲቱን በፌዴሬሽን አንድ ለማድረግ የወጣው የቀጣዩ ዋና ጸሐፊ የኮፊ አናን ዕቅድ ነው። በታኅሣሥ 1999 በሄልሲንኪ የተሰበሰቡት የአውሮፓ ኅብረት መሪዎች፣ የቆጵሮስ ክፍፍል ቢፈታ መልካም መሆኑን ገልጸው፣ ባይፈታም ግን ደሴቲቱ አባል ከመሆን እንደማትከለከል ወሰኑ። ውሳኔው የተወሰደው ግሪክ የኅብረቱን ወደ ምሥራቅ መስፋፋት እንዳታደናቅፍ ነው፤ በሰሜን በኩል ድርድርን የሚያሰናክሉት ዴንክታሽ ስለነበሩም ምክንያታዊ ይመስል ነበር። አናንና ልዩ አማካሪያቸው አልቫሮ ዴ ሶቶ ዕቅዱን በኅዳር 2002 አቀረቡ። በመጋቢት 2003 ዴንክታሽ በዘ ሄግ ለሕዝበ ውሳኔ እንኳ አላቀርበውም ብለው ወጡ። በሚያዝያ ግሪክ ቆጵሮሳውያን በአቴንስ የኅብረቱን የአባልነት ውል ፈረሙ። ከሳምንት በኋላ፣ ሚያዝያ 23 ቀን፣ የሰሜኑ አስተዳደር ለ29 ዓመት የተዘጋውን መተላለፊያ ድንገት ከፈተው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፓስፖርታቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ የልጅነት ቤታቸውን በር አንኳኩተው፣ በውስጡ የሚኖረው ሌላ ተፈናቃይ ቡና አፍልቶ ያስተናገዳቸው ጥቂት አይደሉም።

ነገሩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው። የሰሜኑ ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ አውሮፓን ጠየቀ፤ በአንካራም የጣይብ ኤርዶዋን አዲስ መንግሥት ዕቅዱን ደገፈ። በዚያኑ ጊዜ በደቡብ የአባልነቱ ፊርማ ደርቆ ነበር። በመጋቢት 2004 መጨረሻ በስዊዘርላንድ ቡርገንሽቶክ ተደራዳሪዎቹ ያልተስማሙባቸውን ክፍት ቦታዎች አናን ራሳቸው ሞሉ፤ ከነተያያዥ ሕጎቹ 9,000 ገጽ ገደማ የሆነውም ሰነድ ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት 24 ቀን ቀረው። ፕሬዚዳንት ታሶስ ፓፓዶፑሎስ ሚያዝያ 7 ቀን በቴሌቪዥን ቀርበው ሕዝባቸውን «አይሆንም» በሉ አሉ፤ የተረከብኩት መንግሥት ነው፣ ማኅበረሰብ አድርጌ አላስረክብም ሲሉም እንባቸው መጣ። ሚያዝያ 24 ቀን ከቱርክ ቆጵሮሳውያን 64.9 በመቶው እሺ፣ ከግሪክ ቆጵሮሳውያን 75.8 በመቶው እንቢ አሉ። በሳምንቱ ቆጵሮስ የአውሮፓ ኅብረት አባል ሆነች፤ እሺ ያለው ወገን ውጭ ቀረ።

ግሪክ ቆጵሮሳውያን እንቢ ያሉት በከንቱ ነው ብዬ አልሟገትም። የቱርክ ወታደር ተቀንሶ እንኳ ለዓመታት እንደሚቆይ፣ የዋስትናው ውልም እንደሚቀጥል ሲያነቡ 1974ን ያስታወሰ ሰው ቢሰጋ አይፈረድበትም። የምነቅፈው ሥራው የተሠራበትን መንገድ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የተዘጋ በር ጀርባ የተነጋገሩት መሪዎች፣ ተራው ሰው ስለ ንብረቱና ስለ ቀዬው ለመወሰን ወር እንኳ የማይሞላ ጊዜ ሰጡት። የማያውቀውን ነገር እንዲፈርም የተጠየቀ ሰው ደግሞ ያለውን ይዞ መቆየቱ ያለ ነው።

ለነገሩ በዚያች ደሴት የተሳካ ሥራም አለ፤ እኔ ከጉባኤዎቹ ይልቅ እሱ ይማርከኛል። ኒኮሲያ በቬኒስ ዘመን በተገነባ ክብ ቅጥር የተከበበች ጥንታዊ ከተማ ናት፤ አረንጓዴው መስመር መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ከ1974 በፊት ለመላው ከተማ የፍሳሽ ማስወገጃ እየተሠራ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ቧንቧው በደቡብ፣ ማጣሪያው በሰሜን ቀረ። ቁልቁለቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ፣ የቤቶቹ ቆሻሻ ውኃ ፖለቲካውን ሳይጠይቅ ወደዚያው መውረድ አለበት። በ1978 የሁለቱ ወገን ከንቲባዎች፣ ሌሎስ ዲሜትሪያዲስና ሙስጠፋ አኪንጂ፣ ተገናኝተው ተስማሙ። ችግሩ ምን ነበር መሰላችሁ? ደቡቡ ሰሜኑን መንግሥት ብሎ መጥራት አይፈልግም፤ ሰሜኑም ከዚያ በታች መጠራት አይወድም። ስለዚህ ማን ማንን እንደሚወክል ከመጨቃጨቅ ይልቅ ስለ ቧንቧው ብቻ ተነጋገሩ። ማጣሪያው ሥራ ጀመረ። ሁለቱ ሰዎች በዚሁ ሳይቆሙ፣ ከተማዋ አንድ ቀን ስትገናኝ መንገዶቿ እንዲጋጠሙ አድርጎ የሚያቅድ የጋራ ማስተር ፕላንም አስጠኑ።

የጠፉ ሰዎች ኮሚቴም ከዚሁ ዓይነት ብልሃት የተወለደ ነው። በ1981 ተቋቁሞ ለሃያ ዓመታት ብዙም ሳይራመድ ቆየ፤ ከ2006 ጀምሮ ግን የሁለቱም ማኅበረሰቦች ሳይንቲስቶች አብረው ይቆፍራሉ፤ በተባበሩት መንግሥታት ጥበቃ ሥር በሚገኘው የድሮው የኒኮሲያ አውሮፕላን ማረፊያ ግቢም አጥንቱን በነጭ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ይገጣጥማሉ። በ1963ና 64 እንዲሁም በ1974 ጠፉ ተብለው ከተመዘገቡት 2,002 ሰዎች መካከል ከ1,000 በላይ የሚሆኑት አጽም ተለይቶ ለቤተሰባቸው ተመልሷል። ኮሚቴው ማን ገደላቸው ብሎ አይጠይቅም፤ የአሟሟታቸውንም ምክንያት አይወስንም። ይህ ብዙ ቤተሰቦችን ያስቆጣል፤ ትክክልም ናቸው። ያ ገደብ ባይኖር ግን መቃብሩን የሚያሳይ ምስክር አይገኝም ነበር።

አኪንጂን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የቧንቧው ከንቲባ በ2015 የቱርክ ቆጵሮሳውያን መሪ ሆነው ተመረጡ። በግንቦት ወር ከፕሬዚዳንት ኒኮስ አናስታሲያዲስ ጋር በሁለቱም የኒኮሲያ ወገኖች ጎዳናዎች አብረው እየተዘዋወሩ ቡና ጠጡ። ቡናው አንድ ዓይነት ነው፤ ደቡብ የግሪክ፣ ሰሜን የቱርክ ይሉታል። ሁለቱም የሊማሶል አካባቢ ተወላጆች ናቸው፤ ከዚህ የተሻሉ ጥንዶች ይገኛሉ ብሎ ማንም አልጠበቀም። በጥር 2017 ካርታዎቹን ተለዋወጡ፤ በሰኔ መጨረሻም ከሦስቱ ዋሶች ጋር በስዊዘርላንዷ ተራራማ ከተማ በክራን ሞንታና ተቀመጡ።

እዚያ የወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬሽ ስድስት ነጥቦች አቀረቡ። በየተራ የሚያዝ ፕሬዚዳንትነት፣ ንብረት፣ ግዛት፣ ሁሉም ሊፈታ የሚችል ይመስል ነበር። የከበደው ያ የ1960ው አንቀጽ ነው። ግሪክና ግሪክ ቆጵሮሳውያን ጣልቃ የመግባት መብትም ሆነ አንድም የቱርክ ወታደር አይቅር አሉ፤ ቱርክ ጦሯን ከመጀመሪያው ቀን አንሥታ መሄድን አልተቀበለችም። ሐምሌ 6 ማታ በእራት ላይ የተጀመረው ንግግር ሊነጋጋ ሲል አበቃ፤ ጉተሬሽም ጉባኤው ያለ ስምምነት መዘጋቱን ለጋዜጠኞች ነገሩ። በዚያ ሌሊት ማን ምን እንዳለ እስካሁን ሁለቱ ወገኖች የሚተርኩት ታሪክ አይገጥምም። የእኔ ግምት ይህ ነው፦ አናስታሲያዲስ በሰባት ወር ውስጥ ምርጫ ይጠብቃቸው ነበር፤ አንካራም ከከሸፈው የ2016 መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ጦርን ማንሣት ድክመት በሚመስልበት ጊዜ ላይ ነበረች። አኪንጂ ብቻ ነበሩ የቸኮሉት።

የቸኮለ ተደራዳሪ ባዶ እጁን ሲመለስ በቦታው የሚቀመጠው የማይቸኩል ነው። በጥቅምት 2020 የቫሮሻ ባሕር ዳርቻ በከፊል ተከፈተ፤ በዚያው ወር አኪንጂ በኤርሲን ታታር ተሸነፉ። ታታር ከአንካራ ጋር ሆነው ፌዴሬሽን አበቃ፣ ከእንግዲህ ሁለት መንግሥት ነው አሉ። በ2021 በጄኔቫ የተደረገው ኢ-መደበኛ ስብሰባ ይህንን ልዩነት ከመመዝገብ ያለፈ አልሆነም። በ2024 መጀመሪያ ጉተሬሽ የኮሎምቢያዋን የቀድሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሪያ አንጌላ ኦልጊንን የግል መልእክተኛቸው አድርገው ሾሙ።

በጥቅምት 2025 የሰሜኑ መራጭ እንደገና ሐሳቡን ለወጠ፤ ፌዴሬሽንን የሚደግፉት ቱፋን ኤርሁርማን ከ62 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝተው ታታርን ተኩ። የሕግ ምሁር ናቸው፤ ንግግር ሳይጀመር ያስቀመጧቸው ቅድመ ሁኔታዎችም የሕግ ሰው ጥንቃቄ ያለባቸው ናቸው። የፖለቲካ እኩልነት አስቀድሞ ይረጋገጥ፤ ከዚህ ቀደም የተስማማንበት እንደገና አይከፈት፤ ድርድሩ የጊዜ ገደብ ይኑረው፤ ደቡቡ ዳግመኛ ጠረጴዛውን ጥሎ ቢሄድ ሕዝቤ ወደ ነበረበት መገለል እንደማይመለስ ከወዲሁ ይታወቅ ይላሉ። የመጨረሻው በቀጥታ የ2004 ቁስል ነው፤ እሺ ላሉት የመጣላቸው ከአውሮፓ ቃል የተገባው 259 ሚሊዮን ዩሮ ነበር፤ በቀጥታ የመነገድ ፈቃዱ ግን ከወረቀት አልወረደም። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ተደራዳሪ የመጠበቅን ዋጋ ራሱን የድርድር ነጥብ አድርጎ አቀረበ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት ኒኮስ ክሪስቶዱሊዲስ በበኩላቸው ንግግሩ ከክራን ሞንታና ከቆመበት ይቀጥል ይላሉ።

በመጋቢት 2025 በጄኔቫ የተሰበሰቡት ወገኖች አራት አዲስ መተላለፊያዎች ለመክፈት ተስማምተው ነበር። በሐምሌ በኒው ዮርክ ሲገናኙ ግን የትኞቹ ይከፈቱ በሚለው አልተግባቡም። ሰሜኑ ከሚጠይቃቸው አንዱ ከኒኮሲያ ወጣ ብሎ ያለ፣ የጭነት መኪና የሚያልፍበት በር ነው። ቦታው በግሪክኛ ሚያ ሚልያ፣ በቱርክኛ ሃስፖላት ይባላል፤ የሁለቱም ከተማ ፍሳሽ ወርዶ የሚጣራበት ቦታ ነው። እስከ 2025 መገባደጃ ድረስ መኪና ማለፍ አልጀመረም።